ጊዮርጊስ ላይ የከብት ማጠጫ ይሠራ ወይስ ይቅር?

ይሠራ

አራዳ ከመኪና በፊት የጋማ ከብት ሰፈር ነበር። በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ገበያ ሲቆም እህሉም ጨውም ቆዳውም በአህያና በበቅሎ ጀርባ ነበር የሚመጣው፤ ፈረስና በቅሎም እዚያው ይሸጥ ነበር። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያውን ወደ መርካቶ ሲያዛውረው ጭነቱም አብሮ ሄደ። አሁን አደባባዩ ላይ የቀረን ፈረስ፣ ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል ዋዜማ በጥቅምት 1923 ዓ.ም. የተመረቀው የአፄ ምኒልክ ሐውልት ፈረስ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ውሃ አይጠማውም።

ከተማው በየኮሪደሩ ፏፏቴ እየተከለ ነው። ውሃው በመብራት አጊጦ ወደ ላይ ይረጫል፤ የሚጠጣው ግን የለም። ለንደን ውስጥ በ1859 እ.ኤ.አ. ለመንገደኛ የመጠጥ ውሃ የሚያቀርብ ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1867 የከብት ገንዳን በስሙ ላይ ጨመረ። በአህያ ብዛት ዓለምን የምንመራው ደግሞ እኛ ነን! የካቲት 23 ፈረሰኞች አጊጠው ሲመጡ እልል እንላለን፤ ፈረሶቹ ምን ጠጥተው እንደሚውሉ ሲጠየቅ ግን ሰምቼ አላውቅም። አንድ የድንጋይ ገንዳ፣ አንድ ቧንቧ፤ የምጠይቀው ይኼን ነው።

ይቅር

አህያዋ የታለች? ባልደረባዬ የነገሩን ገበያ ከሄደ ዘመናት አልፈዋል። ከጊዮርጊስ በታች የነበረው አትክልት ተራ እንኳ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፣ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛውሯል። በ2016 ደግሞ የፒያሳ አሮጌ ሰፈር ብዙው ፈረሰ። ዛሬ እህል ተጭኖ የሚመላለሰው አህያ ያለው መርካቶ፣ እህል በረንዳ ነው። የተጠማን አህያ ከዚያ ጊዮርጊስ ድረስ መንዳት ሽርሽር እንጂ ውሃ ማጠጣት አይባልም።

የጋራ ገንዳ በሽታም ያጋራል። ከፈረስ አፍንጫ በሚወጣ ፈሳሽ የሚዛመተውን፣ ሰውንም የሚገድለውን ግላንደርስ ፈርተው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ብዙ የአሜሪካ ከተሞች ገንዳቸውን ዘግተዋል። የእኛን በየማለዳው የሚያጥበው ማን ነው? ያውም ነዋሪው ውሃ በፈረቃ በሚጠብቅበት ከተማ። ለንደንን ያነሱት እሳቸው ናቸው፤ መጨረሻውን ግን ዘለሉት። ከእነዚያ ገንዳዎች ብዙዎቹ ዛሬ አበባ ተተክሎባቸዋል። ለአበባ ከሆነ ኮሪደሩ ሞልቶታል።

ይሠራ ባዩ ሲመልሱ

ስለ በሽታው የተባለው ልክ ነው። እንግዲያው ገንዳው ይቅርና ቧንቧው ብቻ ይቁም፤ ባለ አህያው በየራሱ ባልዲ ቀድቶ ያጠጣ። እህል በረንዳም ይቅደም፤ አልከራከርም። ጊዮርጊስን የማልለቀው ግን ማዘጋጃ ቤቱ ጎኑ ስለሆነ ነው። እህል በረንዳ ያለ ቧንቧ ቢደርቅ ማን ያያል? ጊዮርጊስ ያለው ሲደርቅ ሹሙ ቢሮው ሲገባ ያየዋል።

ይቅር ባዩ ሲመልሱ

ሹሙ እንዲያይ ከሆነ አህያዋን ወደ እሱ ከመንዳት እሱን ወደ አህያዋ መውሰድ ይሻላል። ከማዘጋጃ ቤት እህል በረንዳ በእግር ይደረሳል።