«አይመለከተኝም» ሲባል ዜሮ

ዝሆኔ ቶሎ አይገድልም፤ የጤና ሪፖርቶቻችን አልፈውት የሚሄዱትም ለዚህ ይመስለኛል። በጨንቻና በቦንኬ ደጋ ቀዩን አፈር ለዓመታት በባዶ እግሩ የረገጠ ሰው እግሩ ሊያብጥ፣ ቆዳው ሊሻክር ይችላል፤ ሕመሙ በተነሣበት ቁጥር ትኩሳቱ አልጋ ላይ ያውለዋል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ይተላለፋል ብለው የሚሸሹት ግን ብዙ ናቸው። ስለዚህ ታማሚው ከሠርግም ከለቅሶም ከገበያም ይቀራል። ይህን ጉዳት የእግር ዙሪያ በሜትር ለክቶ ማወቅ አይቻልም፤ ታማሚውን ራሱን መጠየቅ ያስፈልጋል።

መጠየቂያው አለ። እ.ኤ.አ. በ1994 በካርዲፍ ለቆዳ ሕመምተኞች የተዘጋጁት 10 ጥያቄዎች፣ ባለፈው ሳምንት ቆዳህ ምን ያህል አሳመመህ፣ አሳፈረህ፣ ከሥራ አስቀረህ እያሉ ይቀጥላሉ። ድምሩ ከ0 እስከ 30 ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ኑሮው የባሰ ተጎድቷል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በደቡብ ኢትዮጵያ በዝሆኔ ታማሚዎች ላይ ተፈትሾ እንደሚሠራ ታይቷል። ትልቅ እርምጃ ነበር።

እኔን የሚያሳስበኝ አንድ ሕግ አለ። ጥያቄው «አይመለከተኝም» ከተባለ የሚመዘገበው 0 ነው፤ «ምንም አልጎዳኝም» ካለው ሰው እኩል። ከጥያቄዎቹ አንዱ ስለ ስፖርት ነው። የጨንቻ አዛውንት ስለ ስፖርት ሲጠየቁ ምን ይላሉ? አይመለከተኝም ይላሉ፤ በወረቀቱ ላይም በዚያ በኩል ጤነኛ ሆነው ይገኛሉ። የዶርዜ ሸማኔን ደግሞ አስቡት። ከሸማው ዕቃ ፊት ተቀምጦ እጁ መወርወሪያውን ሲወረውር እግሩ ከታች ይረግጣል፤ ጥበቡ በሁለቱም ነው። ያ እግር ካበጠ ሥራው ምን ያህል እንደተጎዳ አጠቃላዩ የሥራ ጥያቄ ብቻውን በቅጡ አያወጣውም።

አሥሩ ይቆዩ፤ ከሌላ አገር ጋር ማነጻጸሪያ ይሆናሉ። ከእነሱ ጎን ግን ሽመናው፣ ገበያው፣ ለቅሶው፣ ሸክም ይዞ ዳገት መውጣቱ በአካባቢው ቋንቋ በጋሞኛ ይጠየቅ። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ትኩረት በሚሹ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ላይ የሚሠራ ማዕከል ስላለው ሥራው የእሱ ነው እላለሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ስለ እግር እጥበትና ጫማ ስታስተምር ትጠይቅ፤ ከሦስት ወር በኋላ ትድገመው። ቁጥሩ ካልወረደ ሳሙናው አልቆ፣ ጫማው ላበጠው እግር ጠቦ ወይም ጎረቤቱ አሁንም እየሸሸው ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ የሚደረገው ደግሞ የተለያየ ነው።