ካርቶኑን ሳይሆን ቺፑን አሳዩን!

ክራክ የተደረገው ዊንዶውስ መከራዬን ሲያበላኝ ጊዜ ከአሮጌው ላፕቶፔ ላይ አራግፌ ሊኑክስ ጫንኩበት። ነጻ ነው፣ የሰረቅሁት አይደለም፣ ደስ አለኝ! ደስታዬ ግን ዋይፋይ ላይ ሲደርስ ቆመ። የላፕቶፑ የራሱ ዋይፋይ ድሮ ሞቷል። መርካቶ ወርጄ፣ የአምራቿ ስም በቅጡ የማይነበብ፣ አውራ ጣት የምታህል የዩኤስቢ ዋይፋይ ገዛሁ። ቤት ወስጄ ሰካኋት... ጸጥ!

ተመለስኩ። ባለሱቁ «ወንድሜ፣ ዕቃዋ አንደኛ ናት፤ ችግሩ ያንተ ሊኑክስ ነው» አለኝ።

ለመሆኑ ጥፋቱ የሊኑክስ ነው? ነገሩ ወዲህ ነው። ዋይፋይን የሚያሠራው ካርቶኑ ላይ ያለው ስም ሳይሆን ውስጥ ያለችው ቺፕ ናት፤ ቺፗ ደግሞ ድራይቨር ትፈልጋለች። ቺፕ ሠሪዎቹ ለዊንዶውስ ድራይቨሩን ራሳቸው አዘጋጅተው ያቀርባሉ። ለሊኑክስ ሲሆን ግን ብዙዎቹ የቺፑን አሠራር የሚገልጸውን ሰነድ እንደ ጦር ሚስጥር ቆልፈውበት ኖሩ። ብሮድኮምን ውሰዱ። በጎ ፈቃደኞች በጨለማ እየዳበሱ ድራይቨር ሲጽፉለት ከርመው፣ ኩባንያው ራሱ ክፍት ድራይቨር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ ያውም ለጥቂት ቺፖቹ። አቴሮስ በ2008 ቀድሞት ለቆ ነበር። የድሮዋ የአቴሮስ ቺፕ ዛሬም አብዛኛውን ጊዜ እንደሰኳት የምትሠራው ለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚያናድደው በአንድ ስም ሁለት ዓይነት ቺፕ መሸጡ ነው። የቲፒ-ሊንክ ቲኤል-ደብልዩኤን722ኤን ቨርዥን 1 አቴሮስ ነበረው፤ ከቨርዥን 2 ጀምሮ ሪልቴክ ገባበት። ስሙ ያው፣ መልኩ ያው! በአሮጌ ምክር የሄደ ገዢ ምን ያውቃል?

ለዊንዶውስ ፈቃድ የሚከፍለው ዶላር የሌለው ተማሪ ሊኑክስ ጭኖ ዋይፋይ እምቢ ሲለው ወዴት ይሄዳል? ወደ ክራኩ ነዋ! አስመጪዎችና ባለሱቆች የቺፑን ስምና ቨርዥኑን ዋጋው አጠገብ ቢጽፉ ምን ይጎድልባቸዋል? የአንድ ብጣሽ ወረቀት ጉዳይ እኮ ነው።

እኔ አሁን መርካቶ የምወርደው ላፕቶፔን ተሸክሜ ነው። ዕቃዋን ሰክቼ «ኤልኤስዩኤስቢ» የሚለውን ትእዛዝ ስጽፍ፣ ካርቶኑ የደበቀውን ቺፕ አብዛኛውን ጊዜ ያወጣዋል። ባለፈው አንዱ «መጀመሪያ ክፈል፣ ከዚያ ትሰካለህ» አለኝ፤ ጥዬው ወጣሁ። ጎረቤቱ ግን ወንበር አቀረበልኝ፤ ሦስት አስሰክቶኝ ሦስተኛዋ ያዘች።