የእኛ ጭራቅ የቤት ቁጥር አለው

ሰሞኑን ፌስቡኩም ቲክቶኩም በአንድ ዓይነት ቪዲዮ ተጥለቅልቋል። አንድ ሰው መሬት ላይ ይንፈራገጣል፤ የከበቡት «ማን ነው የበላህ? ስሙን ተናገር!» እያሉ ይጮሁበታል፤ አንዱ ደግሞ በስልኩ ይቀርጻል። ኮሜንቱን ስታዩት ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ «እኛም ሰፈር አለ» ይላል። ይህን የምጽፈው ለሚስቀውም ለሚያምነውም ነው። ቅር የሚለው ካለ ይበለው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ሰው የማይታይ ነገር ሲወራለት ደስ ይለዋል። እኛም የጭራቅ ተረት እየሰማን ነው ያደግነው፤ ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። ስኮትላንድ ውስጥ ሎክ ኔስ የሚባል ሐይቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ1933 አውሬ ታየበት ተብሎ ጋዜጣ ላይ ወጣ። በዓመቱ አንገቱን ከውኃው ያወጣ አውሬ የሚመስል ፎቶ ታተመ። ፎቶው አሻንጉሊት ሰርጓጅ መርከብ ላይ ቅርጽ ተሰክቶ የተነሳ ማታለያ መሆኑ በደንብ የታወቀው በ1994 ነው። ሰዉ ግን ዛሬም አውሬውን ለማየት ይጎርፋል፤ ባለ ሆቴሉም ባለ ጀልባውም እንጀራውን ይበላበታል። ማንን ጎዳ? ማንንም። አውሬው የሚኖረው ውኃ ውስጥ ነዋ!

የእኛው ግን የሚኖረው ሰው ቤት ነው። «ቀን ሰው፣ ማታ ጅብ» ያልነው ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ሸማኔውን ነው። «ጆሮው ላይ ሎቲ ያለው ጅብ ተገደለ፣ በማግስቱ እገሌ ሞቶ ተገኘ» የሚለውን ወሬ ያልሰማ ጎንደሬ አለ? ያየው ግን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው። ከተማ ስትጠይቅ ዳባት ይሉሃል፣ ዳባት ስትሄድ ደባርቅ፣ ደባርቅ ስትደርስ ጃናሞራ።

ለምን የእጅ ባለሙያው ላይ ወደቀ? ታሪኩን እንይ። ቤተ እስራኤሎች በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ይስሐቅ ጊዜ ርስታቸውን እንዳጡ ይነገራል። መሬት የሌለው ሰው ምን ይብላ? ብረት ቀጠቀጠ፣ ሸክላ ሠራ፣ ሸማ ሸመነ፣ ግንብ ገነባ። የጎንደር ነገሥታት ግንብ ሲያሠሩ ከግንበኞቹና ከአናጢዎቹ መካከል እነሱ ነበሩበት። ገበሬው ማረሻውንና ማጭዱን፣ ሚስቱ ምጣዷንና ጀበናዋን ከእነሱ ትገዛለች። ከገዛች በኋላ ግን «ዓይናቸው ክፉ ነው» ብላ ልጇን ትሸፍናለች። መሬቱን ከልክለነው፣ የእጁን ሥራ ፈልገነው፣ ሰውየውን ጅብ አደረግነው። ምሥጢሩ ይኸው ነው፤ ሌላ መንፈስ የለበትም።

ማስረጃ ትፈልጋላችሁ? ከከተማችን ወጣ ብላ የደባርቅ መንገድ ላይ ያለችውን ወለቃን አስቡ። ቤተ እስራኤሎቹ አብዛኞቹ በዘመቻ ሙሴና እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰለሞን ጊዜ ወደ እስራኤል ሄዱ። ቡዳውስ አብሯቸው ሄደ? አልሄደም። ስሙን ለሌላ ሸክላ ሠሪ፣ ለሌላ ቀጥቃጭ አወረስነው። ቡዳነት በደም የሚወርድ ቢሆን ባለቤቶቹ ሲሄዱ ያልቅ ነበር። ያላለቀው የእኛ ፈጠራ ስለሆነ ነው።

«አያቶቻችን ዝም ብለው አላወሩም» የምትሉ አላችሁ። ከአያቶቻችን መካከል እኮ አፄ ምኒልክም አሉ። በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሥራ የሚሠራውን ሰው በሙያው እንዳትሰድቡ ብለው አዋጅ አስነግረዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። እኛ ስማርት ስልክ ይዘን ከአዋጁ ወደኋላ ቀርተናል።

«በዓይኔ አይቻለሁ፣ ሲለፈልፍ ሰምቻለሁ» የምትሉም አላችሁ። አምናችኋለሁ፣ ሰምታችኋል። ግን የጭንቅላት ወባ የያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል፣ ይቃዣል፣ ይለፈልፋል። ማጅራት ገትርም፣ የሚጥል በሽታም ሰውን ይጥላል። ከበው «ማን በላህ?» ብለው ሲጮሁበት ደግሞ የሚጠራው መንደሩ አስቀድሞ የሚጠረጥረውን ሰው ነው። ለምንድን ነው አንድም ጊዜ የሀብታም ነጋዴ ስም የማይጠራው? እስቲ መልሱልኝ።

በ1953 የደንቢያ ወባ ሺዎችን ጨርሶ ነው፣ በዓመቱ እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ኮሌጅ እዚሁ ጎንደር የተከፈተው። ለዚያ ኮሌጅ ቅርብ ሆነን በትኩሳት የሚንቀጠቀጥ ሕፃን የጎማ ጭስ እናጥናለን? ጸሎትህንም ጸበልህንም አልነካሁም፤ እምነትህ ያንተ ነው። ልጁን ግን መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ጸሎት የጎረቤትህን ስም ማጥፋት አይጠይቅም።

እኔ አስተማሪ ነኝ። ክፍል ውስጥ የሸክላ ሠሪ ልጅ ገብታ ስትቀመጥ ምሳቸውን የሚሸፍኑ ተማሪዎች አይቻለሁ። እነዚህ ልጆች ስለ ሴልና ስለ ባክቴሪያ ፈተና ጽፈው ጥሩ ውጤት የሚያመጡ ናቸው። ልጅቷ የሁለተኛው መንፈቅ ሳያልቅ ቀረች። ስትቀር የጠየቀ የለም። አድጋ ብትታጭ ደግሞ «አጥንቷ ይቆጠር» የሚል ሽማግሌ ይጠብቃት ነበር። ይህን ያደረገባት ጅብ አይደለም፤ ጅብማ ሌሊት መጥቶ ጥንባችንን አንስቶልን ይሄዳል።

ስለዚህ ተረቱን ጣሉ አላልኩም። ጭራቁንም ጅቡንም ለልጆቻችሁ አውሩላቸው፤ ግን የሰው ስም አትስጡት። ቪዲዮውን ሼር አታድርጉ። ልጃችሁ ምሳውን ከሸፈነ ከማን እንደተማረው ራሳችሁን ጠይቁ። መምህራን ጓደኞቼ ደግሞ፣ ክፍል ውስጥ ሲሆን አይታችሁ ዝም አትበሉ። ዝም ስንል ልጆቹ ልክ የሆኑ ይመስላቸዋል።

ሐሳብ ያለው ይጻፍ፤ ስድብ ያለው ግን ያንኑ ምኒልክ የከለከሉትን ነው የሚደግመው።