ሃያዋ ሰከንድና የላብራቶሪው ቁልፍ

ሞባይሉ በሰዓቱ ባትሪ የሚጨርስበት ሰው ሁሉ ይህን ወሬ ሲሰማ ጆሮው መቆሙ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2013 አንዲት የ18 ዓመት ተማሪ ሞባይልን በ20 ሰከንድ ቻርጅ የሚያደርግ መሣሪያ ሠራች ተባለ። ዓለምም ተቀባበለው።

እስቲ ነገሩን ረጋ ብለን እንየው። ኢሻ ካሬ በካሊፎርኒያ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች። ፊኒክስ ላይ በተካሄደው የኢንቴል ዓለም አቀፍ የሳይንስና ኢንጂነሪንግ ውድድር 50,000 ዶላር ተሸልማለች። የሠራችው ሱፐርካፓሲተር ነው። ቶሎ ይሞላል፤ 10,000 ጊዜ ያህል እየሞላ እየጎደለ ያገለግላል። ግን ሱፐርካፓሲተር ክብደቱ እኩል ከሆነ የሊቲየም ባትሪ ያነሰ ኃይል ነው የሚይዘው። በሙከራዋ ያበራችውም አንዲት ኤልኢዲ መብራት ነበር፤ ሞባይል አልነበረም።

ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ ሥራዋም ሥራ ነው። የሚያሳዝነው ዜናው የዘለለው ነገር ነው። ኢሻ ምርምሯን ያካሄደችው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ክሩዝ፣ በፕሮፌሰር ያት ሊ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። በራስ ተነሳሽነት መመራመር ማለት ብቻን መመራመር ማለት አይደለም። የናኖ ቁስ መመርመሪያ በማንም ጓዳ አይገኝማ!

ለእኔ ትልቁ ዜና ይሄ ነበር። ተአምር ያነበበ ተማሪ አጨብጭቦ ያልፋል። በሩ እንዴት እንደተከፈተ ያነበበ ግን ነገ ሄዶ ያንኳኳል።

የላብራቶሪ ቁልፍ ኪሳችሁ ውስጥ ያለ መምህራን ሆይ፣ ሲንኳኳ ትከፍታላችሁ?