ለተራራ ጉዞ ምን ይለበስ?

ባለፈው ዓመት በታኅሣሥ ወር ታናሽ እህቴ ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቿ ጋር የሰሜን ተራሮችን በእግር ለመጎብኘት ስትነሣ ሻንጣዋን ያሰናዳሁላት እኔ ነበርሁ። የጥጥ ካናቴራ፣ ወፍራም የጥጥ ሹራብ፣ ጂንስ ሱሪ፣ ከላይ ደግሞ የላስቲክ ጃኬት አደረግሁላትና «እንግዲህ ብርድ አይደፍርሽም» ብዬ ሸኘኋት። እሷ ግን ዳገቱን ስትወጣ በላብ ተጠመቀች። ሰፈር ሲደርሱ ፀሐይ ጠለቀች፤ የራሰው ልብስ ጀርባዋ ላይ ተለጠፈ፤ ሌሊቱን ስትንቀጠቀጥ አደረች። ጥፋቱ የተራራው ሳይሆን የእኔ ነበር።

ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ ከ6 ዲግሪ በላይ ይቀንሳል። ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ፣ የባሌው ሳነቴ አምባም 4,000 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላቸው፣ በበጋ ወራት ቀን ፀሐዩ ቢያቃጥልም ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ሰውነትን የሚያሞቀው በልብሱ መካከል የሚታገደው ደረቅ አየር መሆኑን መገንዘብ ያስፈልጋል። ልብስ በላብ ሲርስ የአየሩን ቦታ ውሃ ይይዘዋል፤ ውሃ ደግሞ ከአየር 25 እጥፍ ያህል ሙቀት ያስተላልፋል። ስለዚህ ከአንድ ወፍራም ካፖርት ይልቅ ሦስት የሚደራረቡ ልብሶች ይመረጣሉ።

አንደኛ፣ ገላን የሚነካው ልብስ ስስ የበግ ሱፍ ወይም ፖሊስተር ይሁን። ጥጥ ላብን መጥጦ ይዞ ይቀራል፤ ሱፍ ግን ቢርስም ሙቀት መስጠቱን ጨርሶ አያቆምም። የመንዝ ባላገር ከበግ ፀጉር የተሠራ ልብስ የሚደርበው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሁለተኛ፣ በመካከል የሱፍ ሹራብ ወይም ፍሊስ የሚባለው ለስላሳ ጃኬት ይለበስ። አየር ይይዛል፤ የላቡንም እንፋሎት ያሳልፋል። ላባ የተሞላ ጃኬት ለዕረፍትና ለሌሊት መልካም ነው፤ ከራሰ ግን ላባው ተጣብቆ ጥቅሙን ያጣል።

ሦስተኛ፣ ከላይ ነፋስና ዝናብ የሚከላከል፣ ነገር ግን እንፋሎት የሚያስወጣ ጃኬት ያስፈልጋል። ላስቲክ ከዝናብ አድኖ በላብ ያርሳል። ሌላ ካልተገኘ ዝናብ ሲመጣ ብቻ ይደረብ።

«ይህን ሁሉ በምን ገንዘብ?» ትሉ ይሆናል። ሰልባጅ ተራ ስትሄዱ ከልብሱ አንገት ወይም ጎን የተሰፋውን ምልክት አንብባችሁ ሱፍና ፖሊስተሩን ከጥጡ ለዩ። ጋቢም ጥጥ ነውና ደርቆ ለድንኳን ይቆይ።

ልብሱን መያዝ ብቻ ግን አይበቃም። መንገደኛው ዳገት ከመጀመሩ በፊት አንዱን ያውልቅ፤ ሲያርፍ ደግሞ ብርድ ሳይሰማው ይደርብ። ለመኝታ የሚሆን ደረቅ የውስጥ ልብስና ካልሲ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ቆብና ጓንትም አይረሱ።

በጉዞ ላይ አንድ ሰው መንቀጥቀጥ ከጀመረ፣ አንደበቱ ከተሳሰረ፣ ጣቶቹም አልታዘዝ ካሉ ብርድ ጎድቶታል። ከነፋስ አስጠልሎ የራሰውን ልብስ ማውለቅ፣ በደረቅ ልብስ መጠቅለል፣ ንቁ ከሆነም ስኳር የበዛበት ትኩስ ሻይ መስጠት ይገባል። አረቄ ያሞቃል የሚባለው ስሕተት ነው፤ የሰውነትን ሙቀት ያባክናል። ሳይሞቀው መንቀጥቀጡ ቆሞ ከፈዘዘ አደጋው በርትቷልና ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይወሰድ።

እህቴ ዘንድሮም ልትሄድ ተነሥታለች። በዚህ ሳምንት ሻንጣውን አብረን አሰናዳን። «እትዬ፣ ጂንሱስ?» ብትለኝ፣ «እሱን ጎንደር ከተማ ስትደርሺ ትለብሽዋለሽ» አልኋት።