ስንቴ ተጠቀሰ? ለምንስ ተጠቀሰ?

አንድ ተመራማሪ በሙያው ያለው ክብደት ሲጠየቅ፣ ዛሬ መልሱ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በቁጥር ነው፤ ስንት ጽሑፍ አሳተመ፣ ጽሑፎቹስ ስንት ጊዜ ተጠቀሱ? አቆጣጠሩ ቀላል ነው። አንድ ጥናት በሌላ ጥናት የዋቢ ዝርዝር ውስጥ በገባ ቁጥር አንድ ይጨመርለታል። ይህን ቆጠራ በስፋት ያስጀመሩት አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ ናቸው፤ የሳይንስ ጥቅሶች ማውጫቸው መውጣት የጀመረው በ1964 ነው (ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ2005 ደግሞ የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ ኤች-ኢንዴክስ የተባለውን መለኪያ አቀረቡ። እያንዳንዳቸው ቢያንስ 40 ጊዜ የተጠቀሱ 40 ጽሑፎች ያሉት፣ ለ41 ግን ያልበቃ ሰው ኤች-ኢንዴክሱ 40 ነው። ጥቅሱ ለምስጋና ይሁን ለወቀሳ መለኪያው አይጠይቅም።

ይህ ቆጠራ በክሊኒካል ሳይኮሎጂ ምን እንደሚያሳይና ምን እንደሚሸፍን የሃንስ አይዘንክ ታሪክ በደንብ ያስረዳል። በ1916 በርሊን የተወለዱት አይዘንክ፣ ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ ጀርመንን ለቀው እንግሊዝ ገቡ። በለንደን የሳይካትሪ ተቋም የሳይኮሎጂ ክፍሉን አቋቁመው ለረጅም ዘመን መሩት፤ ክፍሉ ለብሪታንያ የክሊኒካል ሳይኮሎጂ ሥልጠና መሠረት ከጣሉት አንዱ ነው። 80 ገደማ መጻሕፍትና በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥናታዊ ጽሑፎች ትተው በ1997 አረፉ። በ2002 የታተመ የ20ኛው ክፍለ ዘመን የሥነ ልቦና ምሁራን ደረጃ፣ በሙያው ጆርናሎች በመጠቀስ ከፍሮይድና ከፒያዤ ቀጥሎ ሦስተኛ አድርጓቸዋል።

ከጽሑፎቻቸው ሁሉ ብዙ ሙግት ካስነሱት አንዱ በ1952 የወጣው ነው፤ ርዝመቱ ስድስት ገጽ ብቻ ነው። አይዘንክ 24 ጥናቶችን ሰብስበው፣ ከ7,000 በላይ ሕሙማንን ደመሩ። በሳይኮአናሊሲስ ከታከሙት 44 በመቶው፣ በሌላ ዓይነት የንግግር ሕክምና ከታከሙት ደግሞ 64 በመቶው እንደተሻላቸው አሰሉ። ሳይኮቴራፒ ሳያገኙ ከቆዩት ግን 72 በመቶ ያህሉ ተሽሏቸዋል አሉ። ስለዚህ ሕክምናው ለማዳኑ ማስረጃ የለም የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሱ።

የሙግቱ ሥር ያለው በዚያች 72 ውስጥ ነው። ለማነጻጸሪያ የቀረቡት በአሜሪካ የመንግሥት ሆስፒታሎች ተኝተው የወጡ ሕሙማን፣ እንዲሁም መሥራት አቅቷቸው የኢንሹራንስ ክፍያ የጠየቁና በጠቅላላ ሐኪም የታዩ 500 ሰዎች ነበሩ። እነዚህ ጨርሶ እርዳታ ያላገኙ ሰዎች አይደሉም። ከዚህም በላይ አንዱ ጥናት «ተሻለው» የሚለውና ሌላው «ተሻለው» የሚለው አንድ አልነበረም።

ጽሑፉ ለአሥርት ዓመታት ሲጠቀስ ኖረ፤ ከጠቃሾቹ ብዙዎቹ ግን ሊያፈርሱት የተነሡ ነበሩ። ከነዚህም መካከል አሜሪካዊው ጂን ግላስ የብዙ ጥናቶችን ውጤት በአንድ ሚዛን የሚመዝን ስሌት ሠርተው፣ በ1976 ሜታ-አናሊሲስ አሉት። በዓመቱ ከሜሪ ሊ ስሚዝ ጋር 375 ጥናቶችን መዝነው፣ ሳይኮቴራፒ ያገኘ ሰው በአማካይ ካላገኙት ከ75 በመቶ ያህሉ በተሻለ ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ አሳዩ። አይዘንክ በድምዳሜያቸው ተረቱ፤ ጥያቄያቸው ግን ሙያውን የማስረጃ ባለዕዳ አደረገው። ሜታ-አናሊሲስም ዛሬ ከሥነ ልቦና አልፎ በመላው ሕክምና የሚሠራበት ዘዴ ሆኗል።

የአይዘንክ የኋለኞቹ ጽሑፎች ታሪክ ግን ሌላ ነው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ አይዘንክ ከሮናልድ ግሮሳርት-ማቲቼክ ጋር ሆነው፣ ለካንሰርና ለልብ ሕመም ሞት የሰው ጠባይ ከማጨስ ይልቅ ወሳኝ ነው የሚሉ ጥናቶችን አወጡ። በአንዱ ስሌት «ለካንሰር የተጋለጠ ጠባይ» ያለው ሰው ጤናማ ጠባይ ካለው ይልቅ በካንሰር የመሞት ዕድሉ 121 እጥፍ ነበር። በሕክምና ምርምር እንዲህ ያለ ቁጥር ከማስደነቁ በፊት ሊያስጠረጥር ይገባዋል። አይዘንክ ከትምባሆ ኢንዱስትሪ ገንዘብ ይቀበሉ ነበር፤ ከጽሑፎቹም የተወሰኑት የወጡት ራሳቸው ባቋቋሙት ጆርናል ነው። የሳይካትሪ ሐኪሙ አንቶኒ ፔሎሲ ከባልደረባቸው ጋር በ1992 በብሪታንያ የሕክምና ጆርናል ላይ ጥናቶቹን አጥብቀው ተቹ። የሳይካትሪ ተቋሙን ያጠቃለለው ኪንግስ ኮሌጅ ለንደን አጣርቶ 26 ጽሑፎችን «አስተማማኝ አይደሉም» ያለው በ2019 ነው። በመካከሉ 27 ዓመታት አልፈዋል። ከዚያ በኋላ ከአሥር በላይ ጽሑፎች በአሳታሚዎቻቸው ተሰርዘዋል።

እንግዲህ በአንድ ሰው ስም ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ተመዝግቧል። አንደኛው ተሳስቶም ቢሆን ሙያውን ወደፊት ገፍቷል፤ ሁለተኛው የማይታመን ማስረጃ ይዞ ለዓመታት ተዘዋውሯል። በጥቅስ ቆጠራው ግን ሁለቱም የሚደመሩት እኩል ነው፤ የተቃዋሚ ጥቅስ፣ የደጋፊ ጥቅስ፣ ደራሲው ራሱን የጠቀሰበትም ጭምር። ጽሑፍ ቢሰረዝ እንኳ ቀድሞ የጠቀሱት ጥናቶች አብረው አይሰረዙም።

በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተጀመረው የምርምር ምዘና መግለጫ፣ ተመራማሪን ጽሑፉ በታተመበት ጆርናል የተጽዕኖ ቁጥር መመዘን እንዲቀር የጠየቀው ከዚሁ በተቀራረበ ምክንያት ነው። ለቅጥርም ሆነ ለማዕረግ ዕድገት የሚቀመጥ ኮሚቴ በመጀመሪያ ከተመራማሪው ሥራዎች ጥቂቶቹን ራሱ ሊያነባቸው፣ ጠቃሾቻቸው ምን እንዳሉም ሊመለከት ይገባዋል። የጥቅስ ብዛት አንድ ጽሑፍ ማነጋገሩን ይመሰክራል፤ እውነት መሆኑን ግን አይመሰክርም።