«ኤሲውን አጥፊ፣ ዓሣውን አደራ!»

እኛ እዚህ ሐምሌን በጃኬትና በጃንጥላ እየገፋን ነው። የዛሬው ደብዳቤ ግን የመጣው ሐምሌ እሳት ከሆነበት ከዱባይ ነው። ጸሐፊዋ የ23 ዓመት ወጣት ናት። ሲያጥር እንዲህ ይላል፦

«... ማዳምና ልጆቿ ለሦስት ሳምንት ለእረፍት ሲሄዱ ቤቱን ለእኔ ጥለው ሄዱ። ሳሎኑ ውስጥ የባሕር ዓሣ ያለበት ትልቅ አኳሪየም አለ። ‹ሰው በሌለበት ቆጣሪ አይቁጠር፣ የሳሎኑን ኤሲ አጥፊው› አለችኝ። መልሳ ደግሞ ‹ዓሣዎቹን አደራ፣ አንዱ ቢሞት ከደመወዝሽ ነው› አለችኝ። ትናንት ጠዋት አንዱን ሞቶ አገኘሁት። የቀሩትም ወደ ላይ እየመጡ አፋቸውን ይከፍታሉ። እባክሽ ምን ላድርግ?»

እኅቴ፣ ዓሣ ጋዜጣ እስኪወጣ ስለማይጠብቅ መልሱን ቀድሜ በስልክሽ ልኬልሻለሁ። እዚህ ያወጣሁት እኅቱ ወይ ጓደኛው እዚያ ላለችበት ሁሉ ነው።

ደብዳቤሽን ሳነብ ሆዴ ባባ። እኔም አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ እዚያው ዱባይ ሰው ቤት ስሠራ እንዲህ ያለ አኳሪየም ነበረብኝ። ሙቀት ሲሆን ውሃው በየቀኑ ይጎድላል። እኔ ታዲያ «የባሕር ዓሣ አይደል፣ ጨው ነው የሚወደው» ብዬ የጎደለውን በጨው ውሃ ስሞላ ከረምኩ። ለካ ውሃው ሲተን ጨው አብሮት አይተንም! በጨው ላይ ጨው እየጨመርኩ በሁለት ሳምንት ሦስት ዓሣ ፈጀሁ። የማን ደመወዝ እንደተቆረጠ አልነግራችሁም።

አፋቸውን የሚከፍቱት አየር አጥሯቸው ነው። ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ የጨው ውሃ ደግሞ ድሮውንም ጨው ከሌለው ያነሰ ነው የሚይዘው። በዚያ ላይ ዓሣው ሲሞቀው ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል። ባሕር ሰፊ ስለሆነ ቶሎ አይሞቅም፣ የሳሎን መስታወት ግን በአንድ ከሰዓት ይግላል። ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ቢሆን ለአብዛኞቹ ይስማማቸዋል። 30ን ካለፈ አደጋ ነው፣ ኮራል ካለበት ደግሞ ይብሳል።

መጀመሪያ የአኳሪየሙን መብራት አጥፊ፣ እሱም ያሞቃል። መጋረጃውን ዝጊ። ክዳኑን አንሺና እንዳይዘሉ መረብ ነገር አልብሺው። ፓምፑን ግን ለአፍታም እንዳታጠፊ! ከዚያ ቬንትሌተር አምጪና ንፋሱ የውሃውን ፊት እንዲመታው አድርጊ። ውሃው ሲተን ሁለት ሦስት ዲግሪ ሊቀንስ ይችላል። የዱባይ አየር እርጥበት ሲበዛበት ግን ያን ያህል አይሠራም። ገመዱ እንዳይንጠለጠል፣ ቬንትሌተሩም ውሃው ውስጥ እንዳይወድቅ አጥብቀሽ አስቀምጪው። እጅሽን ከመክተትሽ በፊት ሶኬቱን ንቀይ፣ የጨው ውሃና ኤሌክትሪክ ቀልድ አያውቁም።

የውሃውን ልክ መስታወቱ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጊበት። የጎደለውን ጠዋትና ማታ ጨው በሌለው የተጣራ ውሃ ሙዪ። ከቧንቧ በቀጥታ አይሁን፣ ክሎሪን አለው።

ሌላው ዘዴ ሃይላንድ ነው። ውሃ ሞልተሽ ፍሪዘር ውስጥ አድርጊውና ሲጠነክር ክዳኑ እንደተዘጋ አንሳፍፊው። በረዶውን ግን ፈልጠሽ እንዳትጨምሪ። ድንገት መቀዝቀዙም ይገድላቸዋል፤ በሰዓት ከአንድ ዲግሪ በላይ አይውረድ። ምግብም ትንሽ ስጪ፣ የተረፈው ሲበሰብስ ያችኑ ኦክስጅን ይሻማል።

ይሄ ሁሉ ግን ማስታገሻ ነው። ኤሲ የጠፋበት የዱባይ ሳሎን ውስጥ ሃይላንድ ሦስት ሳምንት አይገፋም። ስለዚህ ለማዳም ዛሬውኑ ጻፊላት። በአፍ አይሁን፣ በጽሑፍ! ቴርሞሜትሩን ፎቶ አንሺና ላኪላት። «ማዳም፣ ውሃው 31 ዲግሪ ደርሷል፣ አንዱ ሞቷል፣ ኤሲውን 25 ላይ ላብራው?» በያት። ጠዋትና ማታ እየለካሽ ቀኑንና ሰዓቱን መዝግቢ። ነገ «አንቺ ነሽ የገደልሽው» ብትል የሚናገርልሽ ይሄ ወረቀት ነው። አኳሪየሙን የሚያጸዳ ባለሙያ ካላቸውም ስልኩን ጠይቂያት።

«ለዓሣ ይሄ ሁሉ ጣጣ?» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። ደመወዙ የሚቆረጠው የዓሣው አይደለማ!

አንድ ነገር ግን ደብዳቤሽ ላይ አጣሁ። አንቺ የምትተኚበት ክፍል ኤሲ አለው? እሱም «ሰው የለም» ተብሎ ከጠፋ፣ ለማዳም ስትጽፊ የመጀመሪያው መስመር ላይ ያንን አድርጊው፣ ዓሣው ሁለተኛው መስመር ላይ ይድረስ። መልሷንም ላኪልኝ።